ፈተና አለቀ፣ ካርድ አልደረሰ፤ 58 ልጅ ምን ላድርጋቸው?

ሰኔ ሲገባ ለዚህ አምድ የሚመጣው ጥያቄ መልኩ ይለወጣል። ዓመቱን ሙሉ ስለ ውጤት፣ ስለ ቤት ሥራ፣ ስለ ስልክ ሲጠይቁኝ የከረሙ ሰዎች በሰኔ የሚጠይቁኝ ስለ ጨዋታ ነው። ዘንድሮም ያው ነው። ስድስት ጥያቄ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ ስለምቆይ ታገሱኝ፤ እኔም 14 ዓመት ያስተማርኩት እንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ስለሆነ አንቺ ይበሉኝ። ፈተና ካለቀ በኋላ ካርድ እስኪሰጥ ድረስ ልጆቹ ይመጣሉ፣ እኔ ደግሞ ሮስተር እሞላለሁ። ክፍሉ 58 ልጅ ነው። አምና ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ፤ ያም ሆኖ የአንዱን ልጅ ውጤት በሌላ ልጅ ስም ሞልቼ ከወላጅ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ፕሮጀክተር የለንም፣ ብር የለንም፣ ዝናቡም ጀምሯል። ምን ላጫውታቸው?»

እህቴ፣ በሮስተሩ ብቻሽን አይደለሽም። እኔ የመንታ ወንድማማቾችን ደረጃ አቀያይሬ እናታቸው ቢሮ ድረስ መጥታብኛለች። የእያንዳንዱን ልጅ ውጤት ደምሮ፣ አማካይ አውጥቶ፣ ደረጃ መስጠት ጸጥታ ይፈልጋል። 58 ልጅ እየተንጫጫ ይህን መሥራት ዘበት ነው። ስለዚህ ጨዋታ ስትመርጪ «ያስቃል ወይ?» ከማለትሽ በፊት «እኔ ሳልገባበት ይሄዳል ወይ?» በይ። አስተማሪዋ ፊት ቆማ ካልመራችው የማይሄድ ጨዋታ ለመስከረም ይሁን። ለሰኔ የሚሆነው ዳኛውም፣ ተጫዋቹም፣ ተጨቃጫቂውም ልጆቹ የሆኑበት ነው።

ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። በጀመርኩበት ዓመት ከጓደኛዬ ላፕቶፕ ተውሼ ፊልም ላሳያቸው ብዬ ገባሁ። 62 ልጅ አንዲት ስክሪን ላይ ሲረባረብ አስቢው፤ ከኋላ ያሉት ዴስክ ላይ ቆሙ፣ ከፊት ያሉት ተጨፈለቁ፣ አንዷ ጫማዋ ጠፋ። ከዚያ መብራት ሄደ። ባትሪው 20 ደቂቃ ታገለና እሱም ሞተ። ወዲያው ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያስተማረ ሰው ያውቀዋል፣ የሰኔ ዝናብ ሲወርድ አጠገብሽ ያለው ልጅ ሲያወራ አፉ ሲንቀሳቀስ እንጂ ድምፁ አይሰማም። መጮኽ ዋጋ የለውም። ግራ ሲገባኝ ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ «ሳታወሩ በስማችሁ የመጀመሪያ ፊደል ተራ ተሰለፉ። ከሀ እስከ ፐ።»

መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ ክፍሉ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንዱ ሌላውን በትከሻው ይዞ ይገፋል፣ አንዷ ጣቷን አየር ላይ እያንቀሳቀሰች «በ» ትጽፋለች፣ ዮናስ የሚባለው ልጅ ከዳዊት በፊት ነኝ ወይስ በኋላ ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፊደል ገበታ ሊያይ ሮጠ። ትልቁ ጦርነት የተነሳው ግን ሰልፉ ጫፍ ላይ ነው። ሀብታሙ፣ ሐና እና ኃይሉ ሦስቱም አንደኛ እኔ ነኝ ብለው ተጋፉ። አፍ ቢፈቀድላቸው ኖሮ እስከ ምሳ አይበቃቸውም ነበር። ሐና እጇን ዘረጋችና በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ሀብታሙን አንደኛ አቆመችው፣ ራሷ ቀጥላ ቆመች፣ ኃይሉን ግን ክንዱን ይዛ እየጎተተች ከተስፋዬም ኋላ ወሰደችው። ትክክል ናት። የኃይሉ «ኀ» በፊደል ተራ 13ኛ ነው። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ስሙን በየትኛው «ሀ» እንደሚጽፍ ግድ አልነበረውም፤ ከዚያን ቀን በኋላ ግን አንድም ቀን አልተሳሳተም።

አንቺም ሞክሪው። 58ቱን በአንድ ጊዜ ከማሰለፍ ለሁለት ክፈያቸውና ማን ቶሎ በትክክል ይሰለፋል በይ። ሲሰለቻቸው በልደት ቀን ቀይሪው፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ። ጳጉሜ የተወለደ ልጅ ካለሽ የቀኑ ንጉሥ እሱ ነው። የልደት ቀኑን የማያውቅ ልጅ ግን አይጠፋምና አስቀድመሽ አጣሪ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ልደቱን ተዪና በእናት ስም ፊደል አሰልፊያቸው።

ሁለተኛው ገበጣ ነው። የእንጨት ገበጣ ከየት አመጣለሁ እንዳትዪኝ። ሠፈርሽ ካለው ሱቅ እንቁላል የሚመጣበትን የካርቶን ትሪ ለምኚ። ትሪው 30 እንቁላል ይይዛል፣ በአንዱ ጎን 6 በሌላው 5 ነው። ሁለት ሁለት ረድፍ አድርገሽ በመቀስ ስትቆርጪው 12 ጉድጓድ ያላቸው ሁለት ገበጣዎች ይወጡታል፣ የሚተርፈው አንድ ረድፍ ደግሞ የተበላ ጠጠር ማስቀመጫ ይሆናል። 58 ልጅ 29 ጥንድ ነው፣ ስለዚህ 15 ትሪ ይበቃሻል። 15 ካልተገኘ በ7ቱ ጀምሪ፤ ግማሹ ይጫወታል፣ ግማሹ ከጎን ሆኖ ምክር ይሰጣል (ማንም ሳይጠይቀው)። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ሲገባ ለአንድ ገበጣ 48 ይሆናል። ለ29ኙ ስንት ጠጠር ያስፈልጋል ብለሽ ሰሌዳ ላይ ጻፊና ሂሳቡን ሠርቶ ያሳየሽ ቡድን ቀድሞ ጠጠር ለቀማ ይውጣ። 1,392 ነው። ሽምብራ እንዳታመጪ ግን! እኔ ሽምብራ ቆሎ አምጥቼ ሦስተኛው ዙር ላይ ሳልደርስ ገበጣው ባዶ ነበር።

ገበጣን የምወደው ግን በጠጠሩ አይደለም፣ በሕጉ ነው። ጠጠሩን ከጉድጓድ አንስቶ አንድ አንድ እያሉ መዝራቱን ሁሉም ያውቃል። መቼ ይበላል፣ ስንት ሲሞላ የማን ይሆናል የሚለው ግን ከአገር አገር ይለያያል። አንዱ ከአያቱ የተማረውን ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ጎረቤቱ ያስተማረውን፣ ሁለቱም «አንተ አጭበርባሪ ነህ» ይባባላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍሉ ራሱ ሕግ ያውጣ። አምስት የሚሆኑ ልጆች ተመርጠው ይከራከሩ፣ የተስማሙበትን ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፣ ከዚያ በኋላ አንቺ ጋ አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ልጅ ካለ ጣትሽን ወደ ሰሌዳው ቀስሪና ሮስተርሽን ቀጥዪ። ተሸናፊ እየወጣ የሚሄድ ውድድር ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ አንድ ሻምፒዮን እንዲቀር ስንት ጨዋታ ያስፈልጋል? 29፣ ከዚያ 14፣ አንድ ሲተርፍ ደግሞ እያሉ ወረቀት ያበላሻሉ። መልሱ 57 ነው። አንድ ጨዋታ አንድ ልጅ ያስወጣል፣ 57 ልጅ መውጣት አለበት፣ በቃ። የወጣ ልጅ ሥራ እንዳይፈታ ቀጥሎ ያለው ጨዋታ ዳኛ ይሁን።

እንቆቅልሽንም አትርሺ፣ እሱ ትንሽ ማደስ ይፈልጋል እንጂ። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» ካልሽ ገና ሳትጨርሺ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ጤዛ!» ይልሻል። ስለዚህ የድሮው አይፈቀድም በይ። መልሱ ክፍላችን ወይም ግቢያችን ውስጥ የሚገኝ አዲስ እንቆቅልሽ ይፍጠሩ። ከእኔ ተማሪዎች የማልረሳቸው ሁለት አሉ። «ነጭ ሆኖ ይገባል፣ አቧራ ሆኖ ይወጣል።» ጠመኔ። «ጠዋት ሲጮህ እናዝናለን፣ ከሰዓት ሲጮህ እንጨፍራለን።» ደወል። ያቃተው ልጅ እንደ ወጉ አገር ይሰጣል፣ ግን ተቀባዩ አገሩን እንዲሁ አይወስድም። አርባ ምንጭን ያገኘ ልጅ ስለ አርባ ምንጭ ሦስት እውነት ይናገር። ዓባያና ጫሞ ሐይቆች አጠገቧ ናቸው፣ አዞ አለ፣ ሙዝ አለ፣ ይሄው የእሱ ሆነች። ሐረርን ያገኘ ጀጎልንና አምስቱን የድሮ በሮች ካነሳ ወሰዳት። ካላወቀ አገሩ ለባለቤቱ ይመለሳል። ካርታ ካለሽ የተያዘውን ከተማ ስሙን ይጻፉበት፤ በማግስቱ ከቤተሰብ ጠይቀው፣ አጥንተው ይመጣሉ፤ ፈተና እንኳን እንዲህ አላስጠናቸውም። አገር ከተሰጠ በኋላ የምትከተለዋን ስድብ ግን በሰኔ ዝለሏት፣ እስከ ከርሞ ድረስ ቂም የሚይዝ ልጅ አለ።

ዝናቡ ሲያባራ ሰኞ ማክሰኞ በረንዳው ላይ በጠመኔ ይሳሉ፣ ሱዚ ያላት ታምጣ፣ ይውጡ። ዝናቡ እንቢ ካለ ስም፣ አገር፣ እንስሳ፣ ዕቃ በወረቀት። ይህን ላንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ፊደል ሲጠራ «በ» ከተባለ ከ«በ» እስከ «ቦ» ሰባቱም ይፈቀዱ፣ አለዚያ በ«ዠ» ቀን ታለቅሻለሽ።

«ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ሆምሩም ነኝ። ጨዋታ ይዤ ስገባ ‹ቲቸር ፋራ ነው› ይሉኛል። ኤርፎን ሰክተው ስልክ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። ለእነዚህ ምን ይሆናቸዋል?»

ወንድሜ፣ እነሱ የሚወዱት አንድ ነገር አለ፤ መከራከር። ፍርድ ቤት አቋቁምላቸው፤ ያውም የድሮውን፣ በላ ልበልሃውን። ባለጉዳዩ ራሱ በዳኛ ፊት ቆሞ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ነገሩን በግጥምና በምሳሌ እያዋዛ የሚሟገትበትን ማለቴ ነው። ክሱን ልጆቹ ያምጡት። እኔ ጋ ከመጡት ክሶች አንዱ የኋላ ዴስክ ተቀማጮች የፊት ዴስክ ተቀማጮችን «ጭንቅላታቸው ሰሌዳ ጋርዶ ለውድቀታችን ምክንያት ሆኗል» ብለው የከሰሱበት ነው። ሌላው ተከሳሽ እኔ ራሴ ነበርኩ፤ ወንጀሉ «ደወል ከተደወለ በኋላ ‹አንድ ነገር ብቻ› ማለት»። ሕጉ ቀላል ነው። ሦስት ዳኞች፣ ለእያንዳንዱ ተሟጋች ሁለት ደቂቃ፣ መግቢያው ሁለት መስመር ግጥም ካልሆነ ችሎቱ አይሰማውም። የእኔ ከሳሽ፣ ዓመቱን ሙሉ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ፣ የስፖርት ጃኬቱን እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተነሳና

«በላ ልበልሃ፣ ዳኛው ፍረደኝ፣
ደወል የፈታኝን ቲቸር አሰረኝ»

አለ። ክፍሉ ፈረሰ። ኤርፎኑን ያላወለቀ አልነበረም። ተፈረደብኝ፣ ቅጣቱም አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ዝም ብዬ እንድቀመጥ ነበር፣ እሱ ደግሞ ለሮስተር ከዚህ የተሻለ ፍርድ አይገኝም።

በዚህ ከሞቁልህ በማግስቱ አስተማሪ ማስመሰል አለ። በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ላይ ሕዝብ የሚያስቀው እሱ ነው፣ ግን ይጠንቀቁ፤ ያልፈቀደን አስተማሪ ማስመሰል የለም። ከራስህ አስጀምራቸው። እኔን ያስመሰለችኝ ልጅ ጠመኔውን በጣቷ እያሽከረከረች በአንድ ደቂቃ ውስጥ «ገባችሁ?» የሚለውን ስምንት ጊዜ ደጋገመችው። አጋነነች ብዬ ነበር። ጓደኞቿ ደብተር አወጡ፣ በአንድ የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስል የዋልኩትን በጭረት ቆጥረውታል፤ 31። ሚስቴም እንደማደርገው ነገረችኝ።

«ሰላም ጋሼ። 9ኛ ክፍል ነኝ፣ የክፍል አለቃ ነኝ። የዓመቱን መዝጊያ በኬክና በለስላሳ እናክብር ብለን በሰው 100 ብር መዋጮ ጣልን። ከ52 ልጅ 34ቱ ከፍለዋል፣ የቀሩትን ስጠይቃቸው ይሸሹኛል፣ ሁለቱ እንዲያውም ያን ቀን አንመጣም ብለዋል። ያልከፈለ አይበላም እንበል ወይስ ምን እናድርግ?»

ብሩን መልስ። ዛሬ፣ ለ34ቱም። 18ቱ የሚሸሹህ ስለማይወዱህ አይደለም፣ የሌላቸው ስላሉ ነው፤ ለመቶ ብር ብለው ደግሞ የዓመቱን የመጨረሻ ቀን ሊቀሩብህ ነው። «ያልከፈለ አይበላም» የሚለውን ቃል ከአፍህ እንዳታወጣው፣ ከዚያ በኋላ የክፍል አለቃ ሆነህ መቀጠል ይከብድሃል።

ሌላም ነገር አለ። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጀምሮ የሐዋርያት ጾም ነው፣ የሚፈታውም ሐምሌ 5 ነው። እንቁላልና ወተት ያለበት ኬክ ቆርሰህ ስታዞር የሚጾሙት እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሊቆሙ ነው። ይልቅ ሁሉም ከቤቱ ያለውን ይዞ ይምጣ በል፤ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ዳቦ፣ ንፍሮ። ክፍል ሲደርስ ማን ምን እንዳመጣ ሳይታይ አንድ ትልቅ ትሪ ላይ ይገልበጥ። ምንም ያላመጣም ከዚያው ይዘግናል። የፈንዲሻ በቆሎ ደግሞ ጥቂቱ ብዙ ይሆናል፤ የአንዱ እናት ድፎ ዳቦ ከጋገረች ነገሩ አለቀ።

ስጦታ እንለዋወጥ የሚልም አይጠፋም፣ እሱንም እንቢ በል። በምትኩ 52 ወረቀት አዘጋጅ፣ በእያንዳንዱ ራስጌ የአንድ ልጅ ስም ጻፍ፣ ከዴስክ ዴስክ ይዙር። የደረሰው ልጅ ስለዚያ ሰው በዓይኑ ያየውን አንድ ጥሩ ነገር ይጽፋል። «ጎበዝ ነህ» «ቆንጆ ነሽ» አይፈቀድም፣ እሱን አውቶግራፍ ላይ ሲጽፉት ኖረዋል። «የሂሳብ ደብተሬ የጠፋ ቀን ያንተን ለሁለት ቀን አዋስከኝ» ይፈቀዳል። ወረቀቶቹን ከማደልህ በፊት ግን ከሆምሩማችሁ ጋር ሆነህ አንዴ አንብባቸው። ከ52 ልጅ መሀል አንድ ክፉ ቀልደኛ አይታጣም፣ ያቺን አንዲት መስመር የሚያነባት ልጅ ደግሞ ሌሎቹን 50 አያያቸውም።

«የልጅ እናት ነኝ። ልጄ 4ኛ ክፍል ነው። ፈተና ካለቀ በኋላ ‹ምን ተማራችሁ?› ስለው ‹ተጫወትን› ይለኛል። የምከፍለው ለጨዋታ አይደለም። ቤት ባስቀረው ጥፋት ነው?»

እመቤት፣ ብስጭትዎ ይገባኛል፣ በተለይ ታክሲ ተጋፍተው የሚያደርሱት እርስዎ ከሆኑ። ግን ጥያቄውን ትንሽ ቀይረው ይጠይቁት። «ምን ተጫወታችሁ?» ይበሉት፣ ከዚያ «እስቲ አስተምረኝ» ይበሉት። ሕጉን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ማስረዳት ከቻለ ክፍሉ ውስጥ ሥራ እየተሠራ ነው። «ኧረ ዝም ብለን ተቀመጥን፣ ቲቸር የለም» ካለዎት ግን ልጁን አያስቀሩ፣ ትምህርት ቤት ይሂዱና ይጠይቁ። የከፈሉበት እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው፣ መጠየቅ መብትዎ ነው። ቀድሞ የቀረ ልጅ ደግሞ ጓደኞቹን ሳይሰናበት ነው የሚለያቸው፤ በመስከረም ክፍል ሲበወዝ እነዚያው ልጆች ጋ ላይደርስ ይችላል።

«ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፍልዎት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ እናስተምራለን፣ ከ7 እስከ 12 ዓመት ናቸው። ይሰማሉ፣ ግን የሚመልሱት በእንግሊዝኛ ነው። ለበጋው ከመበተናችን በፊት የሚያናግራቸው ነገር ፈልገን ነበር።»

የሚያናግራቸው እንግሊዝኛ የማይገባት ሰው ናት፤ አያት። ለመጨረሻው ቅዳሜ ከየቤቱ አንዳንድ አያት ወይም አክስት አስቀድማችሁ ቅጠሩ፣ ክፍል ውስጥ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጉት፣ ልጁ «እንቆቅልሽ» ይበል። በእናንተ የበጋ ሰዓት አዲስ አበባ 7 ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 10 ሰዓት ሲል እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ አያት ቡና ላይ ናት፣ ሰዓቱ ጥሩ ነው። ቀጠሮውን ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ያስሉት። 10 ሲደመር 7፣ 17፣ ማለትም በፈረንጅ አቆጣጠር 5 ሰዓት፣ ከዚያ በእኛ 11። እዚህ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ብቻውን ግማሽ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፣ በአማርኛ ከተጨቃጨቁ ደግሞ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ። አያት ካላወቀች አገር ትስጥ። መርካቶን የምትሰጥ አያት እኔ አውቃለሁ፣ «መርካቶን ከእነ ሱቁ ወስደሃል» ብላ።

የመጨረሻዋ አጭር ናት። «ጋሼ፣ ሰኔ ላይ የመማሪያ መጽሐፍ ስንቀበል ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ገጹ ተቀድዶ ነው። መውቀስ ሰለቸኝ። ወደ ጨዋታ የሚቀየር ነገር ይሆን?»

ይሆናል። አንድ ቀን የመጽሐፍ ሐኪም ቤት ክፈቱ። ሙጫ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ የድሮ ጋዜጣ ይበቃል። ልጆቹን ሦስት ሦስት አድርገህ ክፈላቸው፤ አንዱ በሽታውን መርምሮ በወረቀት ይጽፋል («ገጽ 12 ወልቋል፣ ጀርባው ተሰብሯል»)፣ አንዱ ይለጥፋል፣ አንዱ ሽፋን ያለብሳል። ትንንሾቹ ነጭ ሸሚዝ ካላቸው ለብሰው ይምጡ፣ እሱ ሲያስደስታቸው ታያለህ። ጨርሶ የማይገጣጠም መጽሐፍ ካለ «ሪፈር» ብለው ወደ አንተ ይላኩት።

ሲጨርሱ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ በመስከረም ያንን መጽሐፍ ለሚወስደው፣ ለማያውቀው ልጅ፣ ጣት በምታህል ወረቀት መልእክት ጽፎ ገጾቹ መሀል ይክተት። ምን እንደሚጽፉ አትንገራቸው። አንዱ «መልካም ዓመት» ይላል፣ አንዷ አበባ ትስላለች። እኔ አንድ ዓመት መጋዘን ውስጥ የሂሳብ መጽሐፍ ስቆጥር አንዷ ወረቀት እግሬ ሥር ወደቀች። በእርሳስ፣ በተንጋደደ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ገጽ 83 ላይ 6ኛው ጥያቄ መልሱ ከኋላ የተጻፈው አይደለም። እኔ ሁለት ቀን ደክሜበታለሁ። አንተ አትድከም።» ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ልጁ ልክ ነው።